ያልተነቀለው ሰማያዊ ጓያ

ጓያን የማይረግም የጎጃም ገበሬ የለም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ጓያን የማይበላም የለም። ዝናብ ሲከዳ፣ ጤፉ ሳያፈራ ሲቃጠል፣ ስንዴውን ዋግ ሲመታው፣ ዋልካው ላይ ደንደን ብሎ የሚቆመው እሱ ነው። ይበሉታል፣ ያጠግባል። ሌላ እህል ሳይቀላቅሉ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ሲበሉት ግን ጉልበት ይሰብራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ፤ ጓያም እንደዚያው ነው።

አይናዲስ ይህን ያወቀችው ከአባቷ ነው። የተወለደችው ከደብረ ወርቅ ወረድ ብሎ ካለ መንደር ሲሆን፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና ልጅ ነበረች። አባቷ አንድ ጠዋት በሬ ሊጠምድ ከመደቡ ሲነሳ እግሩ አልታዘዝ አለው። ከዚያ ወዲያ ሰው ተሸክሞ ፀሐይ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሰው ተሸክሞ ያስገባዋል። የመንደሩ ሰው የሚሰብረው የጓያው እንፋሎት ነው ብሎ ያምን ነበር። እናቷም ጓያ በቀቀለች ቁጥር ድስቱን ደጅ አውጥታ፣ ልጆቿን ከእንፋሎቱ ታሸሻለች። ከእንፋሎቱ አሽሽታ ንፍሮውን ታበላቸዋለች። ምን ታድርግ፣ ያወቀችው ያን ነው።

አይናዲስ አድጋ ተዳረች፤ ሁለት ልጆች ወለደች። ባሏ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ወባ እዚያው አስቀረው። ባሏ የሞተባት ሴት የምትምለው ብዙ ነው፤ እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ማለች፤ ጓያ በቤቷ እንዳይገባ። ጎረቤት ሽሮ ቢልክላት እንኳ ከምን እንደተፈጨ ሳትጠይቅ አትቀምስም። «ኩራቷ!» ይሏታል። ኩራት አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር። እውነቱን ለመናገር ያ ፍርሃት ስንቱን ዓመት ልጆቿን ጠብቆላታል።

ሁለት ሺህ አምስት ላይ አንድ መኪና ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይዞ መንደሩ ገባ። አንዱ ሐኪም ነው፤ ጓያ የሰበራቸውን ሰዎች ጉልበት በትንሽ መዶሻ እየመታ ያያል። ፀደንያ የምትባል ሴት ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች፦ እህል ሲያንስ ለማን ቀድሞ ይቀርባል? ትልቁን ድርሻ ማን ይበላል? ሰዉ ሳቀባት። «ይቺን ለመጠየቅ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽ?» አሏት። ለሚያርሰው ነዋ የሚቀርበው፣ ለማን ሊቀርብ ኖሯል! ሦስተኛው፣ አብዱልቃኒ የሚባለው፣ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ የዘር ከረጢት ይዞ መጥቷል።

ሐኪሙ አባቷን የሰበረው እንፋሎቱ ሳይሆን ራሱ እህሉ መሆኑን ለአይናዲስ ነገራት። ከዚያ አብዱልቃኒ ዘሩን በእፍኙ ይዞ አሳያት።

«ይህ ጓያ አበባው ነጭ ነው፤ መርዙም የቀነሰ ነው» አላት። «ጨርሶ የለውም አላልኩም። ንብ ከጎረቤት ማሳ ሰማያዊውን እያመጣች ታዳቅልብዎታለች። ማሳዎ ውስጥ ሰማያዊ አበባ ካዩ ሳያፈራ ይንቀሉት። ሲበሉትም ዘፍዝፈው ውሃውን ይድፉ፣ ከሌላ እህል ይቀላቅሉ። በድርቅ ዓመት ደግሞ ይጠንቀቁ፤ መርዙ ይጨምራል።»

ውሃ የሚተኛባት፣ ሌላ እህል የማይበቅልባት ቁራሽ መሬት ነበረቻት። መሐላዋን አፍርሳ ዘራችው። መጀመሪያ የወጣው ነጭ በነጭ ነበር። በሁለተኛው ዓመት እዚህም እዚያም ሰማያዊ ብቅ አለ፤ ከልጇ ከይስማው ጋር ጎንበስ ብላ አንድ ሳታስቀር ነቀለችው። ጎረቤቶቿ «አበባ የምታርም ሴት» እያሉ ይቀልዱባታል። ከሽምብራ ጋር ቀላቅላ ፈጨችው፣ ልጆቿ በሉት፣ ማንም አልታመመም። ተመራማሪዎቹ ጨርሰው ሄዱ፤ ዘሩ ከእሷ ዘንድ ቀረ።

ሁለት ሺህ ሰባት ላይ ክረምቱ ቀለደ። ሐምሌ እንደ ጥር ደረቀ። ጤፉ ቢጫ ሆኖ ቀረ። መስከረም ላይ በተረፈችው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ዘራች፤ ሽምብራው ከመሬት አልተነሳም። ጓያው ሲያብብ አይናዲስ ማሳው ዳር ቆማ አየችው። ነጩ መንምኗል፤ በየመሐሉ የበቀለው ሰማያዊ ግን ወፍራም አገዳ አውጥቶ ከአበባው ሥር ፍሬ መቋጠር ጀምሯል። ብዙ ነበር።

ይስማው አንዱን ከሥሩ ጨብጦ ቀና አለ። ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ቤቱ የቆመው በእሱ ክንድ ነው።

«እማዬ፣ ልንቀለው?»

አይናዲስ ወደ ቤቱ ዞራ አየች። ጎተራውን አሰበች። ጎተራው ባዶ ነው።

«ተወው» አለችው። «ዘንድሮ ፍሬ የያዘ ነገር አይነቀልም።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እዚያ ቦታ ቆማ ሌላ የምትል እናት ካለች ትምጣና ትፍረድባት።

ከጥር ጀምሮ የቤቱ እህል ጓያ ብቻ ሆነ። ቂጣው ጓያ፣ ሽሮው ጓያ፣ ንፍሮው ጓያ። የሚቀላቀል ሽምብራ የለም። ዘፍዝፎ መድፋትም ቀረ፤ ምንጩ ደርቆ ውሃ ከሩቅ ወንዝ በጀሪካን ሲመጣ ማን ይደፋል? ትልቁን ቂጣ ለይስማው ትሰጠዋለች፣ የቀረውን ለዜማ ለትንሿ ልጇ፣ ፍርፋሪውን ለራሷ። ቀኑን ሙሉ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ የሚሸከመው እሱ ነውና ስለ ወደደችው አብዝታ አበላችው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ይስማው ባቱን እየጨመደደው ማደር ጀመረ። ሰነበተና ተረከዙ መሬት አልነካ አለ፤ በጣቱ እየቆመ፣ እግሮቹ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ ይሄድ ገባ። አይናዲስ ገና ሲራመድ ስታየው አወቀች፤ አወቀችና ለማንም አልተናገረችም። ጸበል ወሰደችው። አልሆነም። በሬዋን ሸጣ፣ ልጇን ዱላ አስይዛ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ አደረሰችው፤ ጠይቃ ጠይቃ ያን ሐኪም አገኘችው።

ሐኪሙ ጉልበቱን በመዶሻው መታው፣ ደግሞ መታው።

«ጓያውን ከዛሬ ጀምሮ ካቆመ በዚህች በአንድ ዱላ ይኖራል» አላት። «የሄደው አይመለስም። ካላቆመ ሁለት ዱላ ነው፤ ከዚያ በኋላ መዳኽ ነው።»

አብዱልቃኒም ሰምቶ መጣ። አይናዲስ ሰማያዊውን እንዳልነቀለች ሳትደብቅ ነገረችው።

«ወይዘሮ አይናዲስ፣ ነጩም ቢሆን በዚያ ድርቅ ብቻውን ከተበላ ይሰብር ነበር» አላት። «ከየትኛው እንደሆነ እኔም ልነግርዎ አልችልም።»

ሊያጽናናት ነው፤ ደግሞም እውነቱን ነው። እሷ ግን አልተጽናናችም። የምታየው ያን ሰማያዊ ጓያ ጨብጦ ፈቃዷን የጠበቀውን ልጇን ነው፤ በቃ፣ ሌላ አይታያትም።

የእርዳታ ስንዴ ሰኔ ላይ ታደለ። የደረሳት አንድ ሰው በቁጥብ ቢበላው እሸት እስኪደርስ የሚያዘልቅ ነው፤ ለሦስት ሰው አይሆንም። የበሬው ገንዘብ በጉዞና በሕክምና አልቋል፤ ይስማውም ከመንገድ ሥራው ቀርቷል። ዘመድ የተባለውም ሁሉ ከሞቱት በላይ ካሉት በታች ነው፤ ማን ዘንድ ይኬዳል? ጓያው ግን ገና ጎተራው ውስጥ አለ። አይናዲስ ስንዴውን ይዛ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ አስባ ወሰነች፦ ስንዴው ለይስማው፤ ጓያው ለእሷና ለዜማ። የአንዱን ልጅ እግር ለማቆም የሌላዋን መስጠት ነው። ሌላ መንገድ ግን አጣች።

ምሳ ላይ ሁለት ዓይነት ቂጣ አቀረበች። «የስንዴው ያንተ ነው» አለችው።

ይስማው አልነካውም። ዜማ ከጓያው ልትቆርስ እጇን ስትዘረጋ ያዛትና የስንዴውን ወደ እሷ ገፋላት።

«ይህን ብይ» አላት።

«ይስማው፣ ሐኪሙ ያለህን ሰምተሃል» አለች እናቱ።

«ሰምቻለሁ። እኔ ተሰብሬያለሁ፣ እማዬ። የእሷ እግር ገና ደህና ነው። ሁለት ሰባራ ከምትጦሪ አንዱ ይብቃሽ።»

ዜማ አንዴ ወንድሟን አንዴ እናቷን አየች። አይናዲስ ለሁለቱም የሚሆን መልስ ፈለገች። የራሷን ድርሻ ለይስማው ልትለቅለት አሰበች፤ የራሷም ድርሻ ጓያ ነው። ስንዴውን ልታካፍላቸው አሰበች፤ ያኔ እሸት ሳይደርስ አልቆ ሁለቱንም ጓያ ልታበላቸው ነው።

የጓያውን ቂጣ ቆርሳ በልጇ ፊት አኖረችለት። እሸት እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ አኖረችለት። ነሐሴ ላይ ሁለተኛውን ዱላ ከወይራ ቆርጣ፣ ልጣ፣ በቁመቱ ለክታ የሰጠችው ራሷ ናት።