የአባቴ እሬት በዓባ ሻውል

ለትምህርት ከደሴ ወደ አስመራ የወጣሁበትን ዋዜማ ልንገራችሁ። ሻንጣዬ ታስሯል፤ አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። እናቴ ማምሻውን እጄን ይዛ ወደ አባቴ መቃብር ወሰደችኝ። እንደምታውቁት፣ እኛ ሙስሊሞቹ በመቃብር ራስጌ እሬት እንተክላለን፤ ሲያብብ «ጀነት ገባ» ብለን እፎይ እንላለን። የጎረቤቶቻችን ሁሉ አብቧል። የአባቴ ግን እምቢ እንዳለ ነው። እናቴ ይህን ለሰው አትናገርም፤ ዱዓዋ ብቻ እየረዘመ ሄዷል።

ከሥሩ የወጣችውን ቡቃያ በማንኪያ ቆፍራ በቲማቲም ጣሳ ተክላ ሰጠችኝ።

«ምናልባት የመሬቱ ነገር ይሆናል» አለች። «ሥሩ አንድ ነው። እዚያ ካበበ ለአባትህ አበበ ማለት ነው። ንገረኝ እሺ፣ ሰይዶ።»

ጣሳውን በጭኔ ይዤ ተጓዝኩ። መንገድ ላይ አንድ ፈታሽ ወታደር ገብቶ ከፊቴ ቆመ።

«ምንድን ነው?»

«እሬት ነው፣ ጌታዬ።»

«ለማን?»

«ለአባቴ።»

«አባትህ የት ነው?»

«ሞቷል።»

ጣሳውን አገላብጦ አየና፣ «በሕይወት ሳለ የቀመሰው አልበቃውም?» ብሎ መለሰልኝ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ላለማስቀየም ብዬ እኔም ሳቅሁ።

አገሩ አንድ ሆኗል ተብሏል፤ ባንዲራውም አንድ ነው። እኔ ግን አስመራ ስገባ ባሕር የተሻገርኩ ያህል ተሰማኝ። አስፋልቱ የተጠረገ፣ ሽማግሌው ባርኔጣ ደፍቶ በቢሽክሌታ የሚሄድ፣ ምሳው ፓስታ። ብርዱ ደረቅ ስለሆነ የደሴውን የጦሳ ተራራ ጉም እንኳ ናፈቅኩ። እኛ ዘንድ እንግዳ «አረፍ በል» ሳይባል አያልፍም፤ እዚህ ሰው ጨዋ ነው፣ ግን በአማርኛ ስጠይቅ መልሱ ያጥራል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

ክፍል ያገኘሁት ዓባ ሻውል፣ አደይ አብረሀት ከሚባሉ ባላቸው ከሞተባቸው እናት ግቢ ነው። በር ላይ ቆመው መረመሩኝ።

«ሬዲዮ ታስጮሃለህ?»

«የለኝም፣ አደይ።»

«ሴት ታመጣለህ?»

«ኧረ አላመጣም።»

«ውኃስ ትጠጣለህ?»

«እ… እጠጣለሁ።»

«ጥቂት ጠጣ። ቦኖው ሩቅ ነው፤ የሚሸከመውም የኔ ወገብ ነው።» ከዚያ ጣሳውን አዩ። «እዚ ዕረኸ? ይህ እሬትስ፣ እሱም ይጠጣል?»

ደስ ላሰኛቸው ፈለግሁ። አንዲት ጠብታ እንዳትባክን ብዬ፣ ለሶላት ውዱእ ባደረግሁ ቁጥር እጅና እግሬን የታጠብኩበትን ውኃ ጣሳው ውስጥ አንቆረቁረው ጀመር። ለሶላት የተነካ ውኃ ለአባቴ እሬት በረከት ይሆናል ብዬም አስቤ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ስነካው እንደ በሰለ ሙዝ ለሰለሰ።

አደይ አብረሀት አሸተቱት። «ወደይ፣ ልጄ፣ ጸሎትህ ብዙ ነው። አሰጠምከው።»

ሳይጠይቁኝ ጣሳውን ገለበጡ። የበሰበሰውን ሥር በቢላ ቆርጠው፣ የቀረውን ራቁቱን ግንብ ላይ ለፀሐይ አሰጡት። ከአፈር የወጣ አስከሬን ያየሁ ያህል ደነገጥኩ፤ የመቃብር ተክል መሆኑንም፣ የእናቴንም ጭንቀት ያኔ ነገርኳቸው። «ከግቢዬ አውጣ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ቢላውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«እናትህ ዕድለኛ ናት» አሉ። «የምትተክልበት ቦታ አላት። የኔ ልጅ ሜዳ ወጥቷል።»

ጫካ ከገቡት ጋር ማለታቸው ነው። ወሬው እንደጠፋ ጎረቤት ሲንሾካሾክ ሰምቼ ነበር።

«ሰዎች ‹ተዝካር አውጪለት› ይሉኛል። ኣይፋልን፣ አይሆንም። በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር አይወጣም፤ ዕረም አይተከልም።»

ቁስሉ ሲደርቅ በአሸዋና በጠጠር መልሰው ተከሉት። ማጠጣቱን ከለከሉኝ፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ፀሐይ የሚያዞሩት እሳቸው ሆኑ። ክረምቱ ሲያልፍ ከጎኑ ቡቃያዎች ብቅ አሉ። አበባ ግን የለም።

እናቴ በቀጠሮ ደሴ ቴሌ መጥታ እንድትጠብቀኝ መልእክት ላክሁባት። አደይ አብረሀት ነጠላቸውን ለብሰው አብረውኝ ወደ አስመራው ቴሌ ሄዱ።

«አበበ?» አለች እናቴ፣ ሰላምታ ሳይቀድም።

«አላበበም፣ እማዬ። ግን ልጆች አውጥቷል።»

«አብሽር፣ ይሁን። እዚህም አላበበም። እንጠብቃለን» አለች። ከዚያ እሬቱን ያዳኑትን ሴት ማነጋገር ፈለገች።

አደይ አብረሀት መነጋገሪያውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እናት፣ ደሓን ነው። ልጅሽ ይበላል፣ ይማራል… እኔ? አለኝ፤ አንድ ወንድ… ሩቅ ነው… አይደውልም።» ከዚያ «የቐንየለይ» ብለው አመስግነው መነጋገሪያውን መለሱልኝ።

«ሰይዶ» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ተለውጧል። «ሴትዮዋ ልጇ ርቋት ሆዷ ባዶ ነው። ከልጆቹ አንዱን ንቀልና ስጣት። በኔ ስም፣ በእጅህ ትከልላት።»

መልስ ሳልሰጥ «ሰዓት አልቋል» ብሎ ቴሌፎነኛው ቆረጠው።

«ምን አለች?» አሉ አደይ አብረሀት፣ ዓይናቸውን ከአፌ ሳይነቅሉ።

በሕይወት ላለ ሰው ዕረ አይተከልም ማለታቸው ትዝ ብሎኝ፣ «ሰላም በልልኝ አለች» አልኳቸው፤ ቀስ ብለን ወደ ዓባ ሻውል ሽቅብ አመራን።