አሥራ አራተኛው ጥያቄ

አንድ ሰው ሃያ የደኅንነት ጥያቄዎች ይጠየቃል፤ ሃያውንም በትክክል ይመልሳል። በዘጠነኛው ቀን፣ በትክክል ከመለሳቸው ጥያቄዎች በአንዱ ምክንያት፣ ግራ እግሩን ያጣል። ይህ እንዴት ይሆናል? የአንዲት ሴት ያለፈው አንድ ዓመት ተኩል ያለቀው ይህንን በመፈለግ ነው።

ሴትዮዋን አየር ማረፊያው ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ «እትዬ አቁም» ይላታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሻንጣ ጫኞች ቡድን መሪ ነበረች። በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት መሃል «አቁም!» ስትል የማይቆም ሾፌር አልነበረም፤ ጫኞቹ «አንድ ቀን ሊነሳ የተንደረደረ አውሮፕላን ታስቆማለች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ወገቧ እንቢ ሲላት ወደ ሥልጠና ክፍሉ ተዛወረች።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ከማዳመጫዎቹ ግማሾቹ የሚሰሙት በአንድ ጆሮ ብቻ ነው። በመስኮቱ በኩል የአውሮፕላኖች ጭራ ከግንቡ በላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ከአጥሩ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ፣ ጽዳት ሠራተኛውም፣ ነዳጅ ቀጂውም፣ ሾፌሩም፣ በየሁለት ዓመቱ እዚህ መጥቶ መሠልጠን አለበት። ካልሠለጠነ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ባጅ በር አይከፍትለትም።

ሥልጠናው እንዲህ ነው። ስክሪኑ ላይ ሥዕል ይመጣል፤ ከማዳመጫው አንድ ድምፅ ያነብባል፤ ድምፁ ሲያበቃ «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ይበራል። ባለቤቱ ስላልታወቀ ሻንጣ፣ ስለ እሳት፣ በሚሽከረከር ሞተር ፊት ስላለማለፍ፣ በባጅህ ሌላ ሰው ስላለማስገባት አርባ ደቂቃ ያስተምራል። ከዚያ ሃያ ጥያቄ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አለው። አሥራ ስድስት ያገኘ ያልፋል። ኮምፒውተሩ ራሱ ያስተምራል፣ ራሱ ይፈትናል፣ ራሱ ያርማል፣ የምስክር ወረቀቱንም ራሱ ያትማል። እውነቱን ለመናገር ግሩም መሣሪያ ነው፤ አይደክመውም፣ አያዳላም፣ መቶኛውን ሰው ሲያስተምር እንደ መጀመሪያው ነው። አንድ ነገር ብቻ አይችልም፤ የተማሪውን ፊት ማየት።

በዚህ ላይ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ለስድስት ዓመት አልተነካም። ሻንጣ ጫኝ ደግሞ ሞኝ አይደለም። መልሶቹ አምስት አምስት ሆነው ተቧደኑና እንደ ስልክ ቁጥር በቃል ተያዙ፦ «ለ ሐ ሐ ሀ መ፣ ሀ ለ ለ ሐ ሀ፣ መ ሐ ሀ ሐ ለ፣ ሀ መ ለ ሐ ሐ»። አንዳንዱ ሻንጣ እያነሳ ያንጎራጉራቸዋል። በቃሉ መያዝ ያቃተው በሻንጣ ታግ ጀርባ ያስጽፋቸዋል፤ ታግ ጠንካራ ወረቀት ነው፣ ኪስ ውስጥ አይቀደድም። እትዬ አቁም ይህን ታውቃለች። ታውቃለች ብቻም አይደለም።

የታናሽ እህቷ ባል ሻንጣ ጫኝ ነው። አንድ ቀን ከሥራ እንደወጣ፣ ልብሱ ላብ በላብ እንደሆነ፣ ወደ ክፍሉ መጣ። ባጁ በማግስቱ ጊዜው ያልፍበታል።

«እትዬ፣ ዓይኔን መግለጥ አቅቶኛል። በናትሽ ያቺን ነገር ጻፊልኝ።»

«አታፍርም? አርባ ደቂቃ መቀመጥ ከበደህ?»

«መቀመጡ አልከበደኝም። ከተቀመጥኩ እተኛለሁ፤ ካንኮራፋሁ ደግሞ የምትዋረጂው አንቺ ነሽ።»

ሳቀች። ታግ ገልብጣ ጻፈችለት። ሃያ ከሃያ አገኘ። በዘጠነኛው ቀን ሻንጣ የሚጎትተው ትራክተር ወደ ኋላ ሲመጣ፣ በትራክተሩና በጋሪው መካከል ቆሞ ነበር። ብረት ከብረት ሲገጥም እግሩ መሃል ላይ ነበር።

ሆስፒታል የሄደችው በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እህቷ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት። በእጇ ሆስፒታሉ የመለሰላትን የባሏን ልብስ የያዘ ፌስታል ነበር፤ ከውስጡ ታጉን አወጣች።

«ይኼ ጽሕፈት ያንቺ ነው አይደል?»

«የኔ ነው።»

እህቷ ታጉን እጇ ላይ አስቀመጠችላትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እሱ ነቅቶ ነበር። እትዬ አቁም ስለ ሕመሙ ጠየቀችው፤ ስለ ልጆቹ አወሩ። ከዚያ ለመጠየቅ የፈራችውን ጠየቀች።

«አሥራ አራተኛው ምን ነበር?»

«ሐ» አለ ወዲያው።

«ሐ ምን ይላል?»

«ሐ ነዋ፣ እትዬ። ሐ ደግሞ ምን ይላል?»

እሱ ብርድ ልብሱ ዝርግ ብሎ የቀረበትን ቦታ እያየ ቆየና ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«ምን ይል ነበር?»

«‹ትራክተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ድረስ ከመንገዱ ወጥቼ በጎን እቆማለሁ› ይላል።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ነገሩ የተፈታ ይመስለዋል። ሰውየው ሳያነብ አለፈ፣ ስላላነበበ አላወቀም፣ ስላላወቀ ተጎዳ። እሷም ለሳምንታት ያመነችው ይህንኑ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ተቃራኒውን ጻፈ። «ሠራተኛው አሥራ አራተኛውን ጥያቄ በትክክል መልሷል፤ ስለዚህ ያውቃል። እያወቀ መመሪያ ጥሷል።» ጥፋተኛው እሱ ሆነ፤ መዝገቡ ተዘጋ። እሷ የጻፈችለት ሐ መስካሪ ሆኖ የቀረበው በእሱ ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ የተነሳችው። በኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ከውጤቱ ገጽ በታች፣ ማንም ከፍቶት የማያውቅ ዝርዝር አለ፤ እያንዳንዱ ሰው በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ያሳያል። አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ከነምርጫዎቹ ሰዓት ይዛ አነበበችው። በችኮላ ሲነበብ አሥራ አምስት ሰከንድ ይፈጃል፤ ረጋ ሲሉ ሃያ ስምንት። ከዚያ ባለፈው ግማሽ ዓመት የተፈተኑትን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች አንድ በአንድ ደብተር ላይ ገለበጠች። ሦስት ሰከንድ። ሁለት ሰከንድ። ሦስት። አራት፤ ይኼኛው ሳያስነጥሰው አይቀርም። ሁሉም ሐ። ሁሉም ትክክል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው፤ የምስክር ወረቀት ያለው ሁለት መቶ ሰው፣ ያነበበ ሰው የለም።

አንድ ሰው ግን ነበር። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። የመለሰው ደግሞ ለ፣ ማለትም ስህተት። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ጥያቄውን ያነበበው ሰው የተሳሳተው ሰው ነው! ይህን ስታይ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ብድግ አለች።

ሰውየው ጋሼ ሚዛን ነበሩ፤ የጫኞቹ ሁሉ ታላቅ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገሉ። ሻንጣ አንስተው ኪሎውን ይናገራሉ፤ ከሚዛኑ ጋር ካልተስማሙ የሚጠገነው ሚዛኑ ነው ይባላል። ጋሪዎቹ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ለምን ተሳሳቱ?»

«ወድቄያለሁ እንዴ?»

«አልወደቁም። አሥራ ሰባት አግኝተዋል። ያችን ግን ለ ብለዋል።»

«ለ ምን ነበር?»

«‹በትራክተሩና በጋሪው መካከል ቆሜ መጎተቻውን እይዛለሁ›።»

«ታዲያ ምኑን ተሳሳትኩ? የምቆመው እዚያው ነዋ! ለኮምፒውተር ልዋሽለት ነው?»

«ያቺን ዜማ ማንም አልነገረዎትም?»

«ነግረውኛል። እኔ በዘፈን አልፈተንም አልኳቸው።»

«እሺ፣ ለምን እዚያ ይቆማሉ? አደገኛ መሆኑን ያውቃሉ አይደል?»

አዛውንቱ ተነሱና ወደ አንድ ጋሪ ወሰዷት። ጋሪ ከትራክተር ጋር የሚያያዘው ከፊቱ በሚወጣ ረጅም የመጎተቻ ብረት ነው። ብረቱን በትራክተሩ መንጠቆ ልክ ከፍ አድርጎ የሚይዝ አንድ ሞላ አለ። ሞላው ጤነኛ ከሆነ ብረቱ አየር ላይ ይጠብቃል፤ ትራክተሩ ተጠግቶ ይቆማል፤ ሰውየው ከጎን ገብቶ ያያይዛል። ጋሼ ሚዛን ብረቱን ከፍ አድርገው ለቀቁት። ሲሚንቶው ላይ ጓ ብሎ ወደቀ።

«አየሽ? ሞላው ሞቷል። ትራክተሩ አንድ ስንዝር ርቆ ከቆመ አይገጥምም፤ እንደገና ና በለው፣ እንደገና አቁመው። አውሮፕላኑ ላይ ደግሞ መንገደኛው ታጭቋል፤ በሬዲዮ ‹ምን ሆናችሁ?› ይሉናል። ስለዚህ አንድ ሰው መሃል ገብቶ ብረቱን ተሸክሞ ይጠብቃል። ያንቺም ሰው ሲጠብቅ ነበር። እኔም ነገ እዚያው ነኝ።»

እሷም በሥራ ዘመኗ እንዲህ ስትይዝ ነበር። ይህ ነው ያስደነገጣት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን ብረት ተሸክማለች፤ አራት ዓመት ደግሞ «በጎን ቁም» የሚል ሥልጠና ስትከፍትና ስትዘጋ ኖራለች። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም ነበር።

በሁለት ቀን ስልሳ አራቱንም ጋሪዎች ፈተሸች። እያንዳንዱን ብረት ታነሳለች፣ ትለቃለች፣ ቁጥሩን ትጽፋለች። አርባ አንዱ ወደቁ።

ከዚያ ወደ ሥልጠና ኃላፊው ገባች። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግድግዳው ላይ «ያለፉ ሠራተኞች፦ መቶ በመቶ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ፣ በዚያም የሚኮራ ሰው ነው።

«እትዬ፣ የሰውየው ነገር እኔንም ያሳዝነኛል። ግን ሐ ብሎ መልሷል እኮ። ያውቅ ነበር።»

ታጉን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የመለሰው እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ኃላፊው አነበበው፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ይኼ ምን እንደሚያስከትልብሽ ታውቂያለሽ? በገዛ እጅሽ እሳት እየጨበጥሽ ነው።»

«አውቃለሁ። ይኼ ደግሞ የጋሪዎቹ ዝርዝር ነው። ሐ ብሎ መመለስ ሁላችንም እንችላለን። በነዚህ በአርባ አንዱ ላይ ግን ሐ የሚለው ቦታ ቆሞ ሥራ አይሠራም። ቀጥሎ የሚቆሙት ጋሼ ሚዛን ናቸው፤ የእግራቸውን ዕዳ እኔ አልሸከምም፣ አንተም አትሸከም።»

ኃላፊው ዝርዝሩን ቁጥር በቁጥር ተመለከተ። ከዚያ ተነሳና ሰሌዳውን አወረደው፤ ግን የት እንደሚያደርገው ስላላወቀ እንደያዘው ቆመ።

ለእሷ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ፋይሏ ውስጥ አለ። የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ሰው እንዲቀያየር ተደረገ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከሠላሳ አንድ ሰዎች ሃያ ሁለቱ ወደቁና ለሁለት ቀን ሰላምታ ነፈጓት። የጋሪዎቹ ሞላ መቀየር ጀመረ፤ እስካሁን ሃያ ስድስቱ ተቀይረዋል፤ ያልተቀየሩት አሥራ አምስቱ ቀይ ምልክት ተደርጎባቸው ጥግ ይዘዋል። ጋሼ ሚዛን በየጠዋቱ እየዞሩ ይቆጥሯቸዋል። የእህቷ ባል መዝገብ እንደገና ተከፍቷል፤ ግን ገና አልተዘጋም፤ «እያወቀ ጥሷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልተሰረዘም።

አሁን የምትሞክረው አዲስ አሥራ አራተኛ ጥያቄ መሥራት ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ የለውም። ሥዕሉ ከሌላ አገር የመጣ ሳይሆን የራሳቸው ሜዳ፣ የራሳቸው ጋሪ ፎቶ ነው። ድምፁ ይጠይቃል፤ ሠራተኛው የሚቆምበትን ቦታ በጣቱ ይነካል። ቀጥሎ ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል፦ «እዚያ እንዳትቆም የሚያስቸግርህ ነገር አለ?» መልሱን ሰውየው በአፉ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ ይቀዳዋል፤ በየሳምንቱ እሷ ታዳምጠዋለች። ኮምፒውተሩ ፊት ማየት ባይችል እንኳ ጆሮ ይኑረው ብላ ነው።

የሚጠይቀው ድምፅ የማን ይሁን ሲባል፣ የእህቷ ባል «የኔ ይሁን» አለ። ዛሬ እህቷ ራሷ በክራንቹ እያገዘች አመጣችው። ለእትዬ አቁም «ወንበር አምጪለት» አለቻት፤ ከኮሪደሩ ቀን ወዲህ ሐዘንም ሰላምታም ያልሆነ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። መስኮቱ ተዘጋ፤ የሞተሩ ድምፅ ራቀ። እሱ ወረቀቱን ይዞ ያነብባል።

«ትራክተሩ ወደ ጋሪው እየተጠጋ ነው። አንተ የት…»

ስድስት ጊዜ ሞከሩ። በመጀመሪያው በጣም ፈጠነ። በሁለተኛው ሳል መጣበት። ከዚያ ወዲህ ግን ሁሌ የሚያቆመው እዚያችው ቃል ላይ ነው፤ «የት» ይልና ድምፁ ይጠፋል።

«ይብቃን ዛሬ» አለች እትዬ አቁም፤ እጇን ወደ ማጥፊያው ዘረጋች።

«አይ፣ እትዬ» አለ፤ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። «አቁም አትበይኝ። እንደገና።»

ቀዩን ቁልፍ ተጫነችው። ሰባተኛው።

«ትራክተሩ ወደ ጋሪው እየተጠጋ ነው…»