በጨፋ መንገድ የቆመው የሙሽራ መኪና

ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ አንድ መካኒክ የመኪና ፊልትሮ ፈትቶ ናፍጣ ያንጠባጥባል። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ እህቴ ዘሃራ የተዳረችበት ቀን መጣብኝ።

አጎታችን በአሮጌው ባለናፍጣ ጂፑ ወደ ሰንበቴ ይዞን ይሄድ ነበር። የሙሽራው ሰዎች በሌላ መኪና ቀድመውናል። ጨፋ ሸለቆ መሀል፣ ማሽላው ግራና ቀኝ እንደ ውሃ በሚወዛወዝበት፣ ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ።

አጎቴ ኮፈኑን ከፍቶ፣ «አየር ስቧል» አለ። ፊልትሮው ላይ ያለውን ብሎን አላልቶ የእጅ ፓምፑን ይገፋ ጀመር። ናፍጣው አረፋ እየደፈቀ ወጣ፤ አረፋው ካለቀ አየሩ ወጥቷል ማለት ነው።

ዘሃራ ወርዳ አጠገቡ ቆመች። ከሻሿ ስር እንባዋ ይወርዳል።

«አጎቴ፣ ባይነሳስ?» አለችው በቀስታ።

«ያንቺ ልብ ምን ይላል?»

ዘሃራ ወደ ማሽላው ዞረች። እኔ ግን ዓይኔ አረፋው ላይ ነበር።

«አለቀ! አጎቴ፣ አረፋው አለቀ!» ብዬ ጮህኩ።

«ገና ነው፣ ልጄ» አለኝ። ጥርት ያለ ናፍጣ በጣቶቹ መሀል አፈሩ ላይ እየፈሰሰ፣ እሱ ዘሃራን እያየ ቀስ ብሎ መግፋቱን ቀጠለ። «አብሽሪ፣ የሚያስቸኩለን የለም» አላት።

ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ዘሃራ ፊቷን ጠርጋ መኪናው ውስጥ ገባች። አጎቴ ብሎኑን ያጠበቀው ያኔ ነው። «ቢስሚላህ» ብሎ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

ዘሃራ ዛሬ ሰንበቴ የልጆች እናት ናት። ማሽላውን እያየች ምን እንዳሰበች ግን እስካሁን ጠይቄያት አላውቅም።