የሽመና ክፍል ወሬ

እናቴ የምትኖረው አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጥርና በከባድ መኪና ጋራዦች መካከል ባለች ጠባብ መንደር ነው። ከበሯ እስከ ፋብሪካው በር በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ቀኑን ሙሉ ሲኖትራክ ሲሚንቶና ብረት ጭኖ ስለሚያልፍ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ሁሉ በየሳምንቱ ይጣመማል። ጠዋት ወደ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሄዱ ሠራተኞች ሰርቪስ የሚጠብቁት እኛ በር ላይ ነው። ያደግሁት እዚያ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በጋዜጠኝነት ስሠራ ግን ስለዚያ ሰፈር አንድም ዘገባ ጽፌ አላውቅም። የማውቀው መስሎኝ ነበር።

አምና እናቴ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። እባጩ ከድምፅ ነርቭ ጋር መጣበቁን ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ነበር፤ ሲወጣ ድምፅዋም አብሮ ሄደ። "ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል" አለኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ስጠይቀው "አላውቅም" አለ። ማስታወሻዬ ላይ እንደዚያው ጻፍኩት። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው አከብራለሁ።

ደብተርና እስክሪፕቶ ገዛሁላት። መጻፍ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሏ ትልልቅና ንጹሕ ቢሆንም አንድ መስመር ለመጨረስ ብዙ ትቆያለች። በሳምንት የምትጽፈው ከጥቂት ቃላት አይበልጥም ነበር፤ "ጨው"፣ "መድኃኒት አለቀ"፣ "ደህና ነኝ"።

እኔ የምኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሁድ እሁድ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። ስደርስ ሁልጊዜ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ አገኛታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሴቶች አብረዋት አሉ፤ አንዷ የፊት ለፊት ጎረቤታችን፣ ሌላዋ ከፋብሪካው ጀርባ የሚኖሩ ባልንጀራዋ። ሦስቱም ጡረታ እስኪወጡ በዚያው ፋብሪካ የሽመና ክፍል አብረው ሠርተዋል።

ድምፅ አይሰማም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ለእናቴ ጤና የሚጸልዩ መሰለኝ። የሰው ጸሎት አይቋረጥምና ጫማዬን እያየሁ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። ሲያዩኝ ያቆሙና "እንዴት ዋልሽ ልጄ" ይሉኛል፤ እኔም ሰላም ብያቸው ወደ ቤት እገባለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ያየሁት ይህንን ነው። ከዚህ ተነሥቼ ደመደምኩ፤ እናቴን የሚያወራት ሰው የለም፣ የቀራት ጸሎት ብቻ ነው። ወደ እኔ ልወስዳት ወሰንኩ። ስነግራት ጥቂት አየችኝና ደብተሩ ላይ "እሺ" ብላ ጻፈች።

አርብ ዕለት እዚያው አደርኩ፤ እራትም እኔ ሠራሁ። ቅዳሜ ጠዋት የተከራየሁት አይሱዙ መጣ። ሾፌሩ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ሆኖ መጀመሪያ አልጋውን ጫነ። ሦስቱ ሴቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የመሰነባበቻ ጸሎት ነው ብዬ ቆሜ ስጠብቅ የጎረቤታችን ሳቅ አመለጣቸው።

"ምን አሳቀዎት እትዬ?"

"እናትሽ ናታ።"

"ምን አድርጋ?"

"አልጋዬን እንዲህ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ የጫነው፣ ለቅርጫ የተጣለ በሬ መስሎታል ወይ ትላለች።"

"እትዬ፣ እናቴ አትናገርም እኮ።"

"ላንቺ ነዋ የማትናገረው። እኛማ ወሬዋን ስናይ ዓይናችን ደከመ።"

ከዚያ አስረዱኝ። የሽመናው አዳራሽ ውስጥ ማሽኖቹ ሲነሡ አፍን ጆሮ ላይ ገጥመው ቢጮኹ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው በከንፈር ያወሩ ነበር። ክር ተበጠሰ፣ አለቃ መጣ፣ ልጄን አተኮሳት፣ ማን ማንን አገባ፤ ሁሉም የሚወራው እንደዚያ ነበር። ከፋብሪካው በር ሲወጡ እንደማንኛውም ሰው ድምፅ አውጥተው ስለሚያወሩ፣ እኔ ይህን ቤታችን ውስጥ አይቼው አላውቅም።

የአንድ ሰው ቃል ብቻ ይዤ አልሄድም። ጎረቤታችን ከማዶ ያለው ሱቅ በር ላይ እንዲቆሙልኝ ለምኜ መንገዱን አሻገርኳቸው። ባለሱቁ ከስልጤ የመጣ፣ እዚያ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ነው። ደጋግሞ ራሱን ነቀነቀብኝ።

"ምን ልታጣሪ ነው?" አለኝ። "እናትሽ ሳሙና ስትፈልግ ከዚያው ሆና ነው የምትነግረኝ። እኔ እንኳ ለምጄዋለሁ።"

ወደ እናቴ ተመልሼ፣ መስማት ስለሚያስቸግራት ጆሮዋ ላይ ጮኽ ብዬ "ትናንት ማታ ምን በላን? ለእሳቸው ንገሪያቸው" አልኳት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። በመካከላችን አንድ ሲኖትራክ አለፈ። አቧራው ሲገለጥ ጎረቤታችን ከማዶ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ሩዝ" አሉ። "ያልበሰለ ሩዝ።"

ሩዝ ነበር። አልበሰለምም ነበር።

እናቴ ግን አላቆመችም፤ ወደ ማዶ እያየች መናገሯን ቀጠለች። የጎረቤታችን ፊት ተለወጠ። መንገዱን ተሻግረው አጠገቤ መጡ።

"ምን አለች?"

"ተይው ልጄ።"

"ይንገሩኝ እትዬ።"

"ልጄን እንዳላስቀይማት ብዬ ነው እሺ ያልኩት አለች። እዚያ ፎቅ ላይ ዲዳ ነው የምሆነው፣ እዚህ ግን ዲዳ አይደለሁም አለች።"

"ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ እንዴት አልነገራችሁኝም?"

"በእናትና በልጅ መካከል ምን አግብቶን? ደግሞ ሥራሽ መጠየቅ ነው፤ ትጠይቃለች ብለን ጠበቅን።"

 ብዙ ባለሥልጣን ፊት ተቀምጬ የማያልቅ ጥያቄ ጠይቄያለሁ፤ አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት ሦስት ሴቶች ግን አንድም አላቀረብኩም።

እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። "እማዬ፣ እዚሁ መቅረት ነው የምትፈልጊው?" ደብተሩን ላቀብላት ስል እጄን ገፋችው። ከንፈሯን ከፈት፣ ከዚያ ሰብሰብ አደረገች። "አዎ" ነበር፤ ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ።

ሾፌሩን አልጋውን እንዲያወርደው ነገርኩት።

"አሁን የጫንኩትን?"

"አሁን የጫንከውን።"

"እሺ። በእግሩ ነው የማቆመው፤ የተባልኩትን ሰምቻለሁ" አለ።

ይህን ስጽፍ የእናቴ ድምፅ አልተመለሰም። ሐኪሙም አሁንም አላውቅም ይላል። የማሽኖቹ ጩኸት የሦስቱንም ጆሮ ጎድቷል፤ ለእሱ ምስጋና የለኝም። በዚያ ጩኸት ውስጥ ወሬያቸውን ላላቋረጡት ሴቶች ግን አለኝ። አግዳሚውን በራችን ላይ ለተከለው፣ ማን እንደሆነ ለማላውቀው ሰው አለኝ። ማንም ሳያስገድደው የእናቴን ከንፈር ማንበብ ለተማረው ባለሱቅም አለኝ። እነሱ ባይኖሩ እናቴን በፍቅር ስም አራተኛ ፎቅ ላይ ዘግቼባት ነበር።

አሁን እሁድ እሁድ መካከላቸው ያስቀምጡኛል። ጎረቤታችን ጥብቅ አስተማሪ ናቸው። "አንቺ እንደ ሬዲዮ ነሽ፤ ድምፅ እንጂ ከንፈር የለሽም" ይሉኛል። ባልንጀራዋ ደግሞ "ተያት፣ ገና ተቀጣሪ ናት" ይላሉ። ቀስ እያልኩ ነው። ብዙ ያመልጠኛል።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ለባልንጀራዋ አንድ ነገር ስትነግራቸው ከመካከሉ አንድ ቃል ለይቼ ያዝኩ፤ "ከስታለች"። ድምፅ ሳላወጣ "አልከሳሁም" አልኳት። ሦስቱም ዞረው አዩኝ። እናቴ ፊቷን ወደ እኔ መለሰችና ለጀማሪ እንደሚነገር ቃል በቃል ለያይታ፣ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልበላሁም ነበር፤ እንደዚያው ነገርኳት።