እጅ ያልነሳው ማኅተም

በቶኩያማ ወደብ ካሉት የኬሚካል ፋብሪካዎች በአንዱ የፕላንና የሰነድ ክፍል ኃላፊው ማካቤ ያሱታካ ይባላል። ኑሮው ይተረክ ቢባል ብዙ የሚተረክ የለውም። ዕድሜ ልኩን ቀን ቀን ማኅተም ሲመታ፣ ማታ ማታ ለአለቆቹ ሳኬ የሚሉትን የሩዝ መጠጥ ሲቀዳ ኖረ፤ በቃ።

በዚያ አገር ቢሮ የበታቹ ሠራተኛ ስሙ የተቀረጸባትን ክብ ማኅተም ከአለቃው ማኅተም ጎን ሲያሳርፍ፣ ወደ አለቃው ዘንበል የማድረግ ልማድ ነበረ፤ ስሙ እጅ የሚነሳ እንዲመስል። ሌሎች ከሳቁበትና ከተዉት ቆይተዋል። ማካቤ ግን ሙጭጭ አለ። ቀጥ ብሎ የቆመ ማኅተም ካየ ወረቀቱን ይመልሳል። ወረቀቱ ላይ የተሣለው ቧንቧ እውነት ይሁን ውሸት፣ ደንታውም አልነበረ።

ጡረታው ደርሷል። የሚመኘውም አንድ ነገር ነበር፤ በአማካሪነት ስም እዚያው ፋብሪካ መቆየት። ቤት መዋል እንደ ሞት ያስፈራዋል። ቤት ውስጥ ማን እጅ ይነሳዋል? ሚስቱ እንደሆነች ካልሲውን ከመሬት እንዲያነሳ ነው የምታዘው።

አንድ ቀን መሐንዲሷ ኢናባ ፉሚኮ የታረመ ፕላን ይዛ ገባች። የአደጋ ጊዜ የጋዝ መዝጊያው ከምድጃው አጠገብ ተነስቶ ወዲያ ማዶ ተተክሏል፤ እሳት ቢነሳ ምድጃው አጠገብ የሚደርስ ሰው አይኖርማ።

«ኢናባ ሳን፣ ይሄ ምንድነው?» አላት፤ «ሳን» በእነሱ ዘንድ ከስም የሚከተል የአክብሮት ቃል ናት።

«የታረመው ፕላን ነው፣ ማካቤ ሳን። መዝጊያው ቦታ ቀይሯል።»

«እሱን መች ጠየቅሁሽ! ማኅተምሽን ነው የምልሽ። እንደ ስልክ እንጨት ገትረሽዋል።»

«ወረቀት ወገብ ያለው አልመሰለኝም።»

«አንቺ ግን ምላስ አለሽ! ውሰጂና አስተካክለሽ አምጪ።»

እሷም እልኸኛ ናት፤ ቀጥ አድርጋ መትታ መልሳ አመጣችው። እሱም መልሶ ጣለው። በመጨረሻ ፕላኑ የተመላሽ ወረቀቶች ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ቀረ።

በዚህ መሀል ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ መጣ። ለፋብሪካው ኮምፒውተር ውስጥ መንታ ይወለድለት ተባለ፤ እዚህ ያለው ቧንቧ፣ ብሎን ሳይቀር እዚያ የሚታይበት። መንታ ደግሞ ከአየር አይመጣም፤ የዚህኛው ማኅፀን የማካቤ ሰነድ ክፍል ነበረ። ምስኪን ፅንስ!

ባለሙያዎቹ መጥተው፣ «የተመለሰውንም ጭምር ሁሉንም ይስጡን፤ እናመሳክረዋለን» አሉት።

«ያልጸደቀ ሰነድ ሰነድ አይደለም» ብሎ በሩን ቆለፈ። ማኅተሞቹ አንገታቸውን የደፉለትን እየመረጠ ብቻ ሰጣቸው። መንታው ተሠርቶ ስክሪኑ ላይ ሲያብለጨልጭ ባየ ጊዜ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የእሱ ልጅ ነዋ!

የምረቃው ቀን ዳይሬክተሯ ኦሪካሳ ከቶኪዮ መጡ። ሥራ አስኪያጁ የአማካሪነቱን ሹመት በዚያው መድረክ አበሥርልሃለሁ ብሎት ስለነበር፣ ማካቤ ፀጉሩን ተስተካክሎ ከፊት ተገተረ።

«እሳት ቢነሳ የሚዘጋው የቱ ነው?» ሲሉ ጠየቁ ዳይሬክተሯ።

«ይኸውልዎ፣ ይቺ ቀይዋ» አለ ማካቤ መንታውን ስክሪኑ ላይ እየጠቆመ።

«ጥሩ። እንሂድና በእጄ ልንካት።»

ማካቤ መንታው የሚታይበትን ታብሌት ይዞ እየመራ እንግዶቹን ሁሉ ምድጃው ድረስ ወሰዳቸው። እዚያ የነበረው አፉ የተደፈነ ቧንቧ ነው። ዳይሬክተሯ የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቀረ።

«የታለች?»

ማካቤ ታብሌቱን አየ፤ ቧንቧውን አየ፤ ደግሞ ታብሌቱን አየ። «መንታው ላይ... አለች» አለ።

«እሳቱም መንታው ላይ ብቻ ቢነሳ ምን ነበረበት!»

ኢናባ ተጠርታ መጣችና መዝጊያውን ወዲያ ማዶ አሳየች። ለምን ፕላን ላይ እንዳልገባ ስትጠየቅ፣ «አቅርቤ ነበር፤ ተመለሰብኝ። ምክንያቱን የመለሱት ይንገሩዎት» አለች።

ማካቤ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «የአሠራር ጉድለት ስለነበረበት ነው» አለ።

«ምን ዓይነት ጉድለት?»

«ማኅተሙ...»

«ደብዝዞ ነበር?»

«አይ።»

«የሌላ ሰው ነበር?»

«አይ፣ የራሷ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«እጅ አልነሳም።»

«ለማን?»

ማካቤ ፊቱ አመድ ለበሰ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየ፤ የፓምፖቹ ጩኸት ግን ድምፁን ዋጠው። ዳይሬክተሯ አልተቆጡም፣ አልሳቁምም። እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው፣ «ጮክ ይበሉ እንጂ፣ አይሰማም!» አሉት።

«ለእኔ!» ብሎ ጮኸ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሙሉ ድምፁ።

ከዚያ በኋላ የአማካሪነቱን ነገር ያነሳ ሰው የለም።