የጋሼ ለቅሶ

ላፍቶ በተከራየነው ቤት ውስጥ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የቤተሰብ ኮሜዲ እንቀርጽ ነበር። እኔ ትልቋን ልጅ ሆኜ እሠራለሁ። አባታችንን ሆኖ የሚሠራው አንጋፋ ተዋናይ፣ ጋሼ የምንለው፣ ንግግሩን እየረሳ ስላስቸገረ ፕሮዲውሰሮቹ ድርሰቱ ላይ ገደሉትና ተገላገሉ። ፊት ለፊት የነገረው ሰው እንኳን የለም፤ መሞቱን ያወቀው ስክሪፕቱን ሲያነብ ነው። ይኼ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የለቅሶው ትዕይንት በሚቀረጽበት ቀን በራችን ላይ ድንኳን ተተከለ። በዚያ ሰፈር ደግሞ ድንኳን ከታየ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ ይገባል። ካሜራው ሳይነሳ የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወንበሩን ሞሉት። ዳይሬክተሩ ድራማ መሆኑን ሲነግራቸው እየሳቁ ወጡ። አንዲት እናት ግን ንቅንቅ አላሉም።

«እማማ፣ የውሸት ነው እኮ!» አልኳቸው፣ ትዕግሥቴ አልቆ።

«አውቃለሁ ልጄ። በየሳምንቱ ቤቴ እየገባ ሲያስቀኝ የኖረ ሰው ነው፤ እንዴት እቀራለሁ?»

ጋሼ ያን ዕለት ሥራ አልነበረውም። ድንኳኑ ውስጥ የሚቆመውን የራሱን ፎቶ አምጥቶ ካስረከበ በኋላ፣ ደጅ ላይ ብቻውን ሻይ ይጠጣል። ሴትየዋ ድንገት አዩት። ተነሥተው ሄዱና ጎንበስ ብለው እጁን ያዙት።

«እግዜር ያጽናዎት» አሉት።

ጋሼ፣ «አሜን» አለ። ሻዩን አስቀምጦ ተከትሏቸው ገባና፣ ፎቶው ፊት ለቅሶ ተቀመጠ።