በመስኮቱ በኩል ያለው ጣውላ

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የሳሎናችንን ወለል መፋቅ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። እሱ በበሩ በኩል፣ እኔ በመስኮቱ በኩል ተንበርክከን፣ የተሰበረ የመስኮት መስታወት ይዘን ጣውላውን እንፍቅ ነበር። ይህን ቤት ሶዶ ውስጥ የገዛነው ካረጀ በኋላ ነው፤ ወለሉንም ለዓመታት በፕላስቲክ ምንጣፍ ሸፍነን ኖረንበታል። አንድ ቀን ምንጣፉን ገልጦ አሮጌ ሰም ያጠቆረው ጥድ ሲያገኝ፣ «ቲቸር፣ እንዲህ ያለ እንጨት ደብቀን ነው እንዴ የኖርነው?» አለኝ። ስለማስተምር ቤት ውስጥም ቲቸር ነበር የሚለኝ።

ያን ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ምሳ ልሠራ ተነሣሁ።

«አንተስ አትነሣም?»

«ትንሽ ልቆይ» አለ። እኔ የፋቅሁትን በመዳፉ ዳበሰና «እጅሽ ከእኔ ይሻላል» አለኝ።

በማግስቱ ከአምልኮ ስንወጣ ይህንኑ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። እሱም አጠገቤ ቆሞ ጉራዬን ሰምቶ ሳቀ።

ሰኞ ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ወደ ቢጠና ከተማ ሄደ። እዚያው ልቡ ቆመ።

ለቅሶው በዝናብ ወቅት ነበር። ድንኳኑ ሲያፈስ ሰው ሁሉ ከነጫማው ወደ ቤት ገባ። ሰሙ የተፋቀለት ጥድ የነካውን ሁሉ ይጠጣል፤ የበሩ ጎን በጭቃ ጠቆረ። በመስኮቱ በኩል ለሴቶቹ ፍራሽ ስለተነጠፈ ያኛው ጎን ተርፏል። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ሲወስደኝ ጎረቤቶቼ የበሩን ጎን በውሃና በዱቄት ሳሙና አጠቡት። ስነቃ አንዷ እጅጌዋን እንደ ሰበሰበች ቆማ፣ «አጸዳንልሽ፣ እህቴ፤ አንቺ ምንም እንዳትነኪ» አለችኝ። ጥሬ ጥድ በውሃ እንደማይታጠብ በዚያ ሰዓት ለማን ይነገራል? «ጌታ ይባርካችሁ» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ወለሉ ሲደርቅ የእንጨቱ ክር እንደ ጆንያ ተነሥቶ ቆመ።

ወራት አለፉ። ወለሉን ማየት ስላልቻልኩ ሳሎኑን ዘግቼ በጓዳ በር እገባ ነበር። ይህን ያየው ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አናጺ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ ጣውላ ይነሣና ሴራሚክ ላስነጥፍልሽ። በጨርቅ ወልወል ነው፣ አለቀ።»

እሺ አልኩ። እንቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም።

አናጺው ግን መንቀያውን መሬት አስቀምጦ በመስኮቱ በኩል ተንበረከከ። ጉንጩን ወለሉ ላይ ሊያስነካ ምንም አልቀረውም። ከብርሃኑ አቅጣጫ እያየ፣ «ይሄን የፋቀው ማነው?» አለ።

«እዚህ ጋ እኔ ነኝ። ባለቤቴ በዚያ በበሩ በኩል ነበር።»

«አይደለም ልጄ። እዚህ ሁለት እጅ ነው ያለበት።» በጥፍሩ አሳየኝ። «አንደኛው እንጨቱን ወደ ጎን ቧጥጦታል፣ እንደ ድመት። ሌላኛው ተከትሎ በርዝመቱ፣ በክሩ አስተካክሎታል። ሲቸኩል ያመለጠው ጭረት ይኸውና።»

ተንበርክኬ አየሁ። ወደ ጎን የሄዱት ቀጫጭን ጭረቶች የእኔ ነበሩ። በላያቸው የሄደው ረጅሙ የእሱ ነው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ «ና ምሳ ደርሷል» እያልኩ ስጠራው እዚህ እኔ ያበላሸሁትን ያቃና ነበር።

«አይነሣም» አልኩ።

ዋርሳዬ ደነገጠ። «እትዬ፣ ሰው ምን ይለኛል? የወንድሙን ሚስት ሻጋታ ሳንቃ ላይ ጣላት አይሉኝም?»

«ሴራሚኩ ላይ ተንሸራታ ወገቧን ስትሰበርም የሚሰድቡት አንተኑ ነው» አለው አናጺው፣ ከጉልበቱ ሳይነሣ። ዋርሳዬ ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ለካ እሱም ይህን ወለል ማየት አቅቶት ነበር።

አናጺው በመላጊያ አንዴ ቢሄድበት የመስኮቱ ጎን ጭረት ሁሉ እንደሚጠፋ ነገረኝ። አይጥፋ አልኩት። አልተከራከረኝም። ቫርኒሹን በአኳራጅ አቅጥኖ በዚያ ጎን አንድ እጅ ቀባልኝ። ቫርኒሹ ጭረቱን ይበልጥ አወጣው። ከዚያ እጄን ይዞ መስታወቱን በክሩ አቅጣጫ፣ ወደ ራሴ እየሳብኩ እንድፍቅ አሳየኝ።

የበሩ ጎን ገና ብዙ ይቀረዋል። ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ቀን እዚያ ተንበርክኬ አንድ ጣውላ እፍቃለሁ።